ሥዕሎቹ ከወረዱ በኋላ፦ የሥነ ጥበብ ማዕከልን የዐውደ ርእይ ታሪክ በባሕር ዳር ጠብቆ ማቆየት

ዐውደ ርእይ ሲዘጋ ሥዕሎቹ ይበተናሉ፤ አንዱ ወደ ሰዓሊው ቤት፣ አንዱ ወደ ገዢው ሳሎን፣ ሌላው ወደ መጋዘን። ማዕከሉ እጅ ላይ የሚቀረው የመጥሪያ ካርድ፣ ጥቂት ፎቶ፣ የእንግዶች መዝገብ፣ የተጠቀለለ ባነርና የት እንደገባ የማይታወቅ ፍላሽ ነው። ከዓመታት በኋላ «ይህ ሥራ መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው መቼ ነው? ከማን ሥራ ጎን ተሰቅሎ ነበር?» ብሎ የሚመጣ ተማሪ ወይም ሰዓሊ መልሱን የሚፈልገው ከዚሁ ክምር ውስጥ ነው።

ብዙዎች ሥራውን የሚጀምሩት ስካነር በመግዛት ነው። ውጤቱ «ስካን 0001»፣ «ስካን 0002» እያለ የሚቀጥል፣ የየትኛው ዐውደ ርእይ እንደሆነ የማይለይ የፋይል ጫካ ይሆናል። መጀመሪያ ዝርዝሩ ይውጣ፣ ቀጥሎ ቀንና ስም ይጥራ፣ ከዚያ ወረቀቱ ይጽዳ። ስካነሩ ተራው አራተኛ ነው።

1. ዝርዝሩን ማውጣት

ማዕከሉ ከተከፈተ ጀምሮ ያሳያቸውን ዐውደ ርእዮች በሙሉ በአንድ ኤክሴል ገጽ ላይ አስፍሩ። ሁሉንም የያዘ አንድ ሰነድ ስለማይገኝ ከአራት ቦታ ልቀሙ፦ ከወጪ ደብዳቤ መዝገብ፣ ከእንግዶች መዝገብ፣ ከማዕከሉ የቴሌግራምና የፌስቡክ ገጽ፣ ከሂሳብ ክፍል። የሂሳብ ክፍልን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ በቀን ረገድ ግን ከሁሉም የሚታመነው እሱ ነው። የፖስተር ማሳተሚያ ደረሰኝ፣ የመክፈቻ መስተንግዶ ወጪ፣ የአዳራሽ ኪራይ ሁሉም ቀን አላቸው። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነጭ ይሆናል። ሌላውን ሁሉ ትታችሁ በመጀመሪያው ቀን ፎቶ አንሡት።

ለእያንዳንዱ ዐውደ ርእይ ቋሚ መለያ ስጡ፦ ዓመተ ምሕረቱና ተራ ቁጥሩ፣ ለምሳሌ 2016-03። በኋላ የተረሳ ዐውደ ርእይ ከተገኘ የነበሩትን ቁጥሮች አታንቀሳቅሱ፤ ወሩ ቢቀድምም የሚቀጥለውን ቁጥር ይውሰድ። አንድ ጊዜ ቁጥር ከተቀየረ በሳጥኑ፣ በፋይሉና በኤክሴሉ ላይ ያለው ሁሉ ይፋለሳል።

ቀጥሎ የሰነዱን ዓይነት በአንድ አሃዝ ወስኑ፦ 1 መጥሪያና ፖስተር፣ 2 ካታሎግና የሥራዎች ዝርዝር፣ 3 የአዳራሹ ፎቶ፣ 4 የሥራዎቹ ፎቶ፣ 5 የጋዜጣ ቁራጭ፣ 6 የእንግዶች መዝገብ፣ 7 ደብዳቤና ውል፣ 8 ድምፅና ቪዲዮ። እንግዲህ 2016-03-3-014 ማለት በ2016 ዓ.ም. መለያው 03 የሆነው ዐውደ ርእይ፣ የአዳራሽ ፎቶ፣ 14ኛው ነው። የፋይል ስሙ ቁጥር ብቻ የሚሆነው አንዳንድ የቆየ ስካነርና ፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም የግዕዝ ፊደልን ወደ ጥያቄ ምልክት ስለሚለውጥ ነው። በላቲን እንጻፍ ከተባለ ደግሞ አንዱን ቃል ሦስት ሰው በሦስት ዓይነት ይጽፈዋል። 014 ላይ ያለው ዜሮም አይጣል፤ ካልኖረ 10 ከ2 ቀድሞ ይሰለፋል።

2. ቀኑን ማጥራት

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላው፣ ከሁሉም በላይ የሚያሳስተውም ይህ ነው። የአማርኛው ፖስተር 2016 ሲል የእንግሊዝኛው 2023 ይላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የቅጂ መብት አዋጁ ራሱ በአማርኛ 410/1996፣ በእንግሊዝኛ 410/2004 ተብሎ ይጠራል። አንድ ሠራተኛ «2016» የሚለውን እንደ ፈረንጅ ዓመት አንብቦ ከመዘገበው ዐውደ ርእዩ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሸሻል። ስለዚህ ሁለት ዓምድ ይኑር፦ በአንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ በሌላው በጎርጎርዮሳዊው፣ ሁለቱም በዓመት-ወር-ቀን ቅደም ተከተል። ኅዳር 15 ቀን 2016 ዓ.ም. የተከፈተ ዐውደ ርእይ 2016-03-15 እና 2023-11-25 ይሆናል። የዓመቱ ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ነው። በኅዳር ተከፍቶ በጥር የተዘጋ ዐውደ ርእይ በፈረንጁ ሁለት ዓመት ይነካል፤ ለምሳሌ ከኅዳር 15 እስከ ጥር 5 ቀን 2016 የቆየው በእኛ ዓመቱ አንድ ሲሆን በእነሱ 2023 እና 2024 ነው።

ኤክሴል ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጁን ወር ብቻ ነው። «5/13/2015» ብላችሁ ጳጉሜን 5ን ስትጽፉ በአሜሪካ አቆጣጠር በተስተካከለ ኮምፒውተር ላይ ሜይ 13 አድርጎ ይቀበላችኋል፤ ስህተት ነው አይልም። ጥቅምት 30ን ደግሞ «30/2/2015» ብላችሁ ስትጽፉ እንዲህ ያለ ቀን በፈረንጁ ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። አንዱ ዓምድ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆንና በቅደም ተከተል ሲደረደር ይበታተናል። መፍትሔው አንድ ፊደል ሳትጽፉ በፊት ዓምዱን መርጣችሁ ዓይነቱን ወደ ጽሑፍ መቀየር ነው። ከተጻፈ በኋላ መቀየር አያድንም፤ ያኔ አምስት አሃዝ ያለው እንግዳ ቁጥር ታገኛላችሁ።

ዓመት ያልተጻፈበት ፖስተር ሞልቷል፤ «ቅዳሜ ኅዳር 15 ከቀኑ 9 ሰዓት» ይልና ያበቃል። ዕለቱ ከቀኑ ጋር አብሮ ካለ ግን ዓመቱን ማጥበብ ይቻላል። አንድ ቀን በየዓመቱ አንድ ዕለት ወደፊት ይራመዳል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ ሲመጣ ሁለት ዕለት ይዘላል። ከ2005 እስከ 2017 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ኅዳር 15 ቅዳሜ የዋለው በ2005፣ በ2011 እና በ2016 ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱን ለመምረጥ የስፖንሰሩን ዓርማ፣ የማዕከሉን የወቅቱ ማኅተም፣ የፊደሉን ቅርጽ ተመልከቱ። የስልክ ቁጥሩም ምስክር ነው፦ በ058 የሚጀምር የባሕር ዳር መደበኛ ስልክ የአገሪቱ የስልክ ቁጥሮች ከተቀየሩበት ከ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ የታተመ ለመሆኑ ማረጋገጫ ነው። በዚህ መንገድ የተገኘን ዓመት በቅንፍ አድርጉና በማስታወሻ ዓምዱ ከምን እንደተወሰደ ጻፉ፤ በፖስተሩ ላይ እንደተጻፈ አስመስላችሁ አታሳልፉት።

የካሜራ ቀንም አይታመን። ባትሪው ለረጅም ጊዜ የወጣ ካሜራ ወደ ፋብሪካ ቀኑ ይመለሳል። በፎቶዎቹ መካከል ያለው የሰዓት ርቀት ግን ትክክል ስለሆነ የመክፈቻውን አንድ ፎቶ በመጥሪያው ላይ ካለው ቀንና ሰዓት ጋር ካገናኛችሁ የቀሩት ሁሉ ይስተካከላሉ። ካሜራው 15፡00 ያለው በእኛ 9 ሰዓት መሆኑ አይዘንጋ።

3. ስምና ፊደል

ለእያንዳንዱ ሰዓሊ፣ ቀራፂና አዘጋጅ አንድ ተራ ቁጥር ስጡ፤ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም በየዓምዳቸው ይግቡ። እንደ ፈረንጅ የአባትን ስም አስቀድሞ ማስፈር ሰውየውን በራሱ አገር እንዳይገኝ ያደርጋል። በላቲን የተጻፉትን የስሙን ልዩ ልዩ አጻጻፎች ሁሉ በአንድ ዓምድ ሰብስቡ፤ ሰዓሊው ራሱ የሚጠቀምበትን ለዩ።

ኃይሉ፣ ኀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ ለኮምፒውተር አራት ሰዎች ናቸው። የከተማችን ስም እንኳ «ባሕር ዳር» እና «ባህር ዳር» ተብሎ ይጻፋል። የዐውደ ርእዩን ርእስ በታተመበት አጻጻፍ፣ ከነስህተቱም ቢሆን፣ በአንድ ዓምድ ጻፉ። ከጎኑ «መፈለጊያ» የሚባል ሌላ ዓምድ ክፈቱና በዚያ ሐ፣ ኀ እና ኸን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነቤታቸው ለውጡ። ሃ እና ኃም በዚያ ዓምድ ሀ ይሁኑ፣ ኣ እና ዓም አ። የሚፈልግ ሰው በዚህ ዓምድ ይፈልጋል፤ የሚጠቅስ ሰው ከመጀመሪያው ይጠቅሳል።

4. ወረቀቱን ማጽዳት

የስቴፕለር ሽቦና አግራፍ በሐይቁ እርጥበት ቶሎ ይዝጋሉ፤ ዝገቱም ወረቀቱን ይበላል። ሽቦውን ከኋላ በኩል ጥርሱን በስስ ቢላ ከፍታችሁ አውጡት፤ ከፊት ጎትቶ መንቀል ወረቀቱን ይቀዳል። ገጾቹ እንዳይለያዩ በታጠፈ ነጭ ወረቀት መሐል አኑሯቸው። የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉ፤ ሙጫው ወደ ወረቀቱ ሰርጎ ቡናማ ይሆናል፣ አይለቅምም።

ፎቶ ላይ በእስክሪብቶ አይጻፍ። በጀርባው ጠርዝ፣ በለስላሳ እርሳስ፣ ጠንካራ ነገር ላይ አስተኝታችሁ መለያውን ብቻ ጻፉ። ገጹ የሚጣበቅና ላስቲክ የሚሸፍነው የድሮ አልበም ለፎቶ መጥፎ ቤት ነው፤ ፎቶው እምቢ ካለ አትታገሉት፣ እዚያው እንዳለ ስካን ይደረግ። ወደ ሌላ ኪስ ሲዛወር ፖሊፕሮፒሊን የሚል ጽሑፍ ያለበትን ምረጡ። ሲከፈት እንደ አዲስ የሻወር መጋረጃ የሚሸት ላስቲክ ፒቪሲ የሚባለው፣ ፎቶን የሚጎዳው ዓይነት ነውና ይቅር።

ለመዛግብት ተብሎ የሚሠራ ከአሲድ ነጻ ወረቀት ከሩቅ ማስመጣት ግዴታ አይደለም። የዘመኑ ነጭ የፎቶ ኮፒ ወረቀት አብዛኛው ኖራነት ባለው መሙያ ስለሚሠራ ለመለያያነት ይሆናል። ቡኒ ፖስታና የጋዜጣ ወረቀት ግን አይሆኑም። ሳጥን የማይችለውን ትልቅ ነገር በአቡጀዲ ጠቅልሉ፤ ጨርቁ ሲገዛ ስታርች ስላለበትና ስታርቹን ነፍሳት ስለሚወዱት አስቀድማችሁ በሙቅ ውኃ ሁለት ጊዜ እጠቡት። ባነር አይታጠፍም፤ ዲያሜትሩ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቱቦ ላይ፣ የታተመው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ ይጠቀለል። እሱም ፒቪሲ ነውና ከፎቶዎቹ ጋር አንድ ሳጥን አይግባ።

5. ስካን

ለተራ ወረቀት 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበብ የነጥብ ብዛት)፣ ለ10 በ15 ፎቶ 600፣ ለ35 ሚሊ ሜትር ኔጋቲቭ ቢያንስ 2400። ሁሉም በቀለም፣ ጥቁርና ነጭ የሆነውም ጭምር፤ ማኅተሙና የእርሳስ ማስታወሻው የሚለየው በቀለም ነው። ዋናው ቅጂ ቲፍ (ጥራቱ ሳይቀነስ የሚቀመጥ የምስል ፋይል) ይሁን፤ ለመላላኪያ የሚሆነው ጄፔግ ከእሱ ይወጣል። አንድ ኤ4 ገጽ በዚህ ልክ 26 ሜጋ ባይት ገደማ፣ አንዱ ፎቶ 25 ያህል ይይዛል። 60 ገጽ ወረቀት፣ 40 የታጠበ ፎቶና 200 የዲጂታል ፎቶ ያለው ዐውደ ርእይ ከ10 ጊጋ ባይት ብዙ አይርቅም፤ ቪዲዮ ሲጨመር ይለያል። ሚኒ ዲቪ የሚባለው የድሮ ቪዲዮ ካሜራ ካሴት ለአንድ ሰዓት 13 ጊጋ ባይት ይፈልጋል።

ስካነሩ በራሱ «ማሳመር» የሚለው ምርጫ ይጥፋ። ጀርባውን ነጭ አደርጋለሁ ሲል የደበዘዘውን የእርሳስ ጽሑፍ አብሮ ይጠርገዋል፤ የስልክ ስካን መተግበሪያዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ። የገጹ አራቱም ጠርዝ ይታይ፤ ባዶ የሚመስል ጀርባም ይገልበጥ። ወፍራም የእንግዶች መዝገብ በስካነር መስታወት ላይ ተጭኖ ስፌቱ ከሚፈነዳ በካሜራ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በሁለት ጎን መብራት መነሣቱ ይሻላል። መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ኮምፒውተሩና ሃርድ ዲስኩ በዩፒኤስ ካልተያዙ ሥራውን አዘግዩት፤ ፋይል እየተጻፈበት መብራት የጠፋ ዲስክ ያን ፋይል ብቻ ሳይሆን ሙሉ ማውጫውን ሊያጣ ይችላል።

6. የማይነበቡ ፋይሎች

ዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር የሚያነበው የፊደል አሠራር) ከመለመዱ በፊት በፓወር ግዕዝና በመሰል ፕሮግራሞች የተጻፈ ካታሎግ ዛሬ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ የጠፋው ፎንቱ ማለትም የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል ነው። ከፍታችሁ «አስቀምጥ» እንዳትሉ። ዎርድ የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ነው ብሎ ትንሹን የላቲን ፊደል ትልቅ ሲያደርገው በዚያ ፎንት ሌላ የአማርኛ ፊደል ይሆናል፤ ጥቅስ ምልክቱንም እንዲሁ ያጣምመዋል። ቅጂ አውጡ፤ የቃላት ማረሚያውን አጥፉ፤ የድሮውን ፎንት ፈልጋችሁ ጫኑ፤ ሲነበብ ፎንቱን በውስጡ የያዘ ፒዲኤፍ አውጡ። ወደ ዩኒኮድ መቀየር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው፤ የተቀየረውን ከፒዲኤፉ ጋር ቃል በቃል የሚያስተያይ ሰው ይፈልጋል።

ቴሌግራም መጋዘን አይደለም። በፎቶነት የተላከ ምስል መጠኑ ይቀንሳል፣ የተነሣበትን ቀን የያዘው መረጃም ይነቀላል። ፎቶ አንሺው በ«ፋይል» እንዲልክ ወይም ሜሞሪ ካርዱን ይዞ እንዲመጣ ጠይቁ። የቻናሉ ጽሑፍና አስተያየት ግን ራሱ ታሪክ ስለሆነ በኮምፒውተር በሚሠራው ቴሌግራም ሙሉውን አውርዱት።

7. ሳጥኑ የሚቀመጥበት ክፍል

ሻጋታ የሚነሣው የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ ሲያልፍና ሲቆይ ነው፤ በሐይቅ ዳር ከሰኔ እስከ መስከረም ይህን ማለፍ ቀላል ነው። የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ በክፍሉ መሐል አኑሩ፤ ጠዋትና ከሰዓት የሚያሳየውን በደብተር መዝግቡ። የሁለት ሳምንት ምዝገባ የትኛው ክፍል እንደሚሻል ከማንም አስተያየት በላይ ይናገራል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሐይቁን የሚያየው ክፍል አይሆንም፤ በመጸዳጃ ቤት ቧንቧ በኩል ያለውም እንዲሁ። በክረምት ጠዋት መስኮት መክፈት ጤዛውን መጋበዝ ነው፤ ካባራ በኋላ፣ ፀሐይ ሲወጣ፣ ከሰዓት ክፈቱ።

የጣና ገዳማት ብራናቸውን በቆዳ ማኅደር ከትተው በግድግዳ ችካል ላይ የሚሰቅሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ መሬት የነካ መጽሐፍ ለእርጥበትም ለምስጥም ቅርብ ነው። ዛሬ ችካሉን የሚተካው የብረት መደርደሪያ ነው፦ የታችኛው እርከን ከወለል 15፣ ጀርባው ከግድግዳ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። በእግሮቹ ላይ የጭቃ መስመር ካያችሁ ምስጥ መንገድ ጀምሯል።

ሲሊካ ጄል የሚሠራው ክዳኑ በሚገጥም ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው፤ ክፍት መደርደሪያ ላይ ማኖር ገንዘብ መጣል ነው። ቀለሙ ሲለወጥ በ120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት አድርቃችሁ መልሱት። ወረቀቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ ክዳን አይገጠምበት፤ ያኔ ሳጥኑ ራሱ የሻጋታ ቤት ይሆናል።

ጣሪያ አፍስሶ ወረቀት ከረጠበ 48 ሰዓት አላችሁ። በቬንቲሌተር ነፋስ፣ በጥላ፣ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርጉ፤ ፀሐይ ላይ አይሆንም። የረጠቡ ፎቶዎች ተደራርበው ከደረቁ አይላቀቁምና እነሱን አስቀድሙ። የሻገተ ነገር ሲገኝ ለብቻው በፌስታል አግልሉ፤ ማስክ አድርጋችሁ ካደረቃችሁት በኋላ ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። ነፍሳት የገባበትን ሳጥን በላስቲክ አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 18 በሚደርስ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት አቆዩት፤ ሲወጣ ላስቲኩ ለ24 ሰዓት አይከፈት፤ ከተከፈተ ጤዛው ወረቀቱ ላይ ያርፋል።

8. የሚቀጥለው ዐውደ ርእይ

የወደፊቱ በጣም ይቀልላል። ሥዕሎቹ ተሰቅለው ሲያልቁ፣ ሰው ሳይገባ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ውሰዱ። ካሜራውን በ150 ሴንቲ ሜትር ከፍታ በትሪፖድ አቁሙ፤ የካሜራው ፍላሽ መብራት ይጥፋ። ከበሩ ጀምራችሁ በግራ በኩል እየዞራችሁ እያንዳንዱን ግድግዳ ከነጎረቤቱ ጫፍ አንሡ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ሥራ፣ ወዲያው ቀጥሎ የሥራውን መግለጫ ካርድ። ይህ ቅደም ተከተል ከተጠበቀ የትኛው ፎቶ የማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። የሐይቁ ነጸብራቅ በመስኮት የሚገባ ከሆነ መጋረጃው ይዘጋ፤ የፀሐይና የአምፖል ብርሃን ሲቀላቀሉ የግድግዳው ግማሽ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቢጫ ይወጣል።

የአዳራሹን ንድፍ በካሬ ወረቀት ላይ በ1፡50 ሳሉ፤ 1 ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 12 በ8 የሆነ አዳራሽ ኤ4 ላይ በአግድም ይበቃዋል። የሥራዎቹን ተራ ቁጥር በቦታቸው አስፍሩበት፤ ፎቶ ይህን አይተካም። የሥራዎቹ ዝርዝር ርእስ፣ ዓመት፣ የተሠራበት ቁስ፣ ቁመት በወርድ በሴንቲ ሜትር (ቁመቱ ይቀድማል) እና በዚያን ጊዜ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይያዝ። በተዘጋ በሰባት ቀን ውስጥ ሁሉም ወደ ሳጥኑ ይግባ፤ ከዚያ ካለፈ ፋይሎቹን የያዘው ፍላሽ ዲስክ ሌላ ሥራ ላይ ይውላል።

ቅጂ መብቱ የሰዓሊው ነው፤ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ለማስቀመጥ፣ ለማሳየትና በኢንተርኔት ለማውጣት ለየብቻ ምልክት የሚደረግበት አንድ ገጽ የፈቃድ ቅጽ በመስቀያው ቀን አስፈርሙ፤ ፎቶ አንሺውንም ጭምር። የእንግዶች መዝገብ ስልክ ቁጥር ስላለበት በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ሥር ይወድቃል፤ ሲታይ ስልኩ ይሸፈን።

9. ሦስት ቅጂ

አንዱ በማዕከሉ፣ ሁለተኛው በከተማው በሌላ ሕንፃ፣ ሦስተኛው ከከተማው ውጭ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ቅጂዎቹን በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ አኑሯል፤ እናንተም ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ያለ አጋር ተቋም ፈልጉ። ፍላሽና ሲዲ ለመላላኪያ እንጂ ለማኖሪያ አይሆኑም። ዲስኩ የቆየ አሠራር ካለው ከ4 ጊጋ ባይት በላይ የሆነ ቪዲዮ አይቀበልም፤ ኤክስፋት ወደሚባለው አሠራር ቀይሩት፤ ሲቀየር በላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋልና ባዶ ሳለ ይሁን።

ፋይሎቹ ሲገለበጡ ሻ-256 በሚባል ስልት የእያንዳንዱን አሻራ (ፋይሉ በትንሹ እንኳ ቢለወጥ የሚለወጥ መለያ) የሚያወጣ ነጻ ፕሮግራም አሂዱና ዝርዝሩን ከፋይሎቹ ጋር አኑሩ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ሳይገባ በግንቦትና ከወጣ በኋላ በጥቅምት፣ ሦስቱንም ዲስኮች አምጥታችሁ አሻራውን እንደገና አስተያዩ። ያልገጠመ ፋይል ካለ ከሌላኛው ዲስክ ይተካ፤ ቀኑና ያረጋገጠው ሰው ስም በዲስኩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይጻፍ። በጥቅምቱ ምርመራ ሳጥኖቹም ይከፈቱ፤ በተለይ የታችኛው እርከን ላይ ያሉት።